ዳታን በጅምላ መጫን ምንድን ነው?

ዳታን በጅምላ መጫን ማለት በሺህና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ረድፎችን አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድ ትእዛዝ ወይም በጥቂት ትልልቅ ክፍሎች ወደ ዳታቤዝ ማስገባት ነው። እዚህ ጎንደር የወረቀት መዝገባቸውን ወደ ኤክሴል ገልብጠው ወደ ዳታቤዝ የሚያሻግሩ ሰዎች ሥራው ሲዘገይባቸው መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ኮምፒውተሩን ነው፤ መዘግየቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአጫጫኑ ነው።

ከአዘዞ ፒያሳ 100 ኩንታል ጤፍ የሚያደርስ ሰው አንድ አንድ ኩንታል በባጃጅ እያመላለሰ በየምልልሱ የመጋዘን ፊርማ ቢጠብቅ፣ ቀኑን የሚጨርሰው ምልልሱና ፊርማው ነው። ዳታቤዝም እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ሲቀበል፣ ረድፉ ዲስክ ላይ መጻፉን ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ኤስኪውላይት የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሚያዘጋጁት እንደሚያስረዱት፣ በደቂቃ 7200 ጊዜ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ በሰከንድ የሚጠናቀቀው ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች ጥቅል) 60 ገደማ ሲሆን፣ ረድፎቹ በአንድ ትራንዛክሽን ከታቀፉ ግን በሰከንድ 50,000 ማስገባት አያዳግትም። በዚህ ስሌት 300,000 ረድፍ በመጀመሪያው መንገድ 83 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 6 ሰከንድ ይወስዳል።

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለዚህ ሥራ «ኮፒ»፣ ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ደግሞ «ሎድ ዳታ» የተባለ ትእዛዝ አላቸው፤ የማይኤስኪውኤል መመሪያ ይኸው ትእዛዝ ከተለመደው የረድፍ ማስገቢያ ትእዛዝ «ኢንሰርት» አብዛኛውን ጊዜ 20 እጥፍ እንደሚፈጥን ይገልጻል። ሰንጠረዡ አዲስና ባዶ ከሆነ ኢንዴክሱን (ፍለጋን የሚያፈጥነውን ማውጫ) ከጭነቱ በኋላ መሥራት ይመረጣል፤ አለዚያ እያንዳንዱ ረድፍ በገባ ቁጥር ኢንዴክሶቹ ሁሉ ይታደሳሉ። ሰዎች እየተጠቀሙበት ካለ ሰንጠረዥ ላይ ኢንዴክስ ማንሳት ግን ሌላውን ሥራ ያጓትታል።

ፍጥነት ፍለጋ የዲስክ ማረጋገጫውን ጨርሶ የሚያጠፉም አሉ። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ቦታ ይህን አልመክርም፤ በጭነቱ መሃል ኃይል ቢቋረጥ ቀድሞ የነበረው ዳታ ጭምር ሊበላሽ ይችላል። ማረጋገጫው ካለ ግን በአንድ ትራንዛክሽን የተጀመረ ጭነት ሲቋረጥ ያልተጠናቀቀው ይሰረዛል እንጂ የቀድሞው አይነካም።

የ«ኮፒ» ችግር በተለመደው አሠራሩ አንድ ረድፍ ሲሳሳት ጭነቱን በሙሉ መጣሉ ነው። የእኛን መዝገቦች በዚህ በኩል የሚያስቸግረው የቀን አጻጻፍ ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2015 «2015-13-05» ተብሎ ከተጻፈ ዳታቤዙ 13ኛ ወር ስለማያውቅ አይቀበለውም። «2015-01-05» ተብሎ የተጻፈውን መስከረም 5 ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የፈረንጆች ጃንዋሪ 5 አድርጎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ በሚቀበል ጊዜያዊ ሰንጠረዥ ላይ በፍጥነት ጭኖ፣ አመሳክሮና ቀይሮ ወደ ዋናው ማሳለፍ ይሻላል።