ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ አትጣሉ! ስለ ሞተርና ሙቀት በስህተት የሚወራው

ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር (ውሃውን ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል) እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ ነው። ጋራዥ ውስጥ መስማት የሰለቸኝ ነገር «አገራችን ሞቃት ነው፣ ቴርሞስታት ምን ያደርጋል፣ አውጣውና ሞተሩ ይቀዝቅዝ» የሚለው ነው።

ሞተር እኮ የሚሠራው በሙቀት ነው። ነዳጁ ሲነድ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ ይግላል፣ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑን የሚገፋው ያ ግፊት ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ በ1824 በፈረንጆቹ እንዳሳየው በጋለውና በቀዝቃዛው መሃል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥር ከዚያው መጠን ሙቀት የበለጠ ሥራ ይገኛል። «ታዲያ ብሎኩ (የሞተሩ አካል) ቢቀዘቅዝ ልዩነቱ አይሰፋም?» ይሉኛል። አይሰፋም! ጋዙ ፒስተኑን ገፍቶ ሳይጨርስ ሙቀቱን ለግድግዳው ይሰጣል፣ ያ ሙቀት ራዲያተር ገብቶ ይባክናል እንጂ ጎማ አያዞርም።

ቴርሞስታት አብዛኛው መኪና ላይ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው መከፈት የሚጀምረው። ካወጣችሁት ዘይቱ እንደወፈረ ይቆያል፣ የውሃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር «ገና አልሞቀም» ብሎ ስለሚናገር ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ከቃጠሎው የሚመጣው እርጥበትም ዘይት ውስጥ ይቀራል። አንድ ደንበኛዬ ኮሮላው ዳገት ላይ ሲግልበት ሌላ ቦታ ቴርሞስታቱን አስወጣ፣ ነዳጅ መብላቱ ጨመረ፣ መጋሉም አልቀረም። ሳየው ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ በዚያ ላይ የዚያ ሞተር ቴርሞስታት ሲከፈት አቋራጩን መስመር የሚዘጋ ዓይነት ስለሆነ እሱ ሲወጣ ግማሹ የፈላ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተር ይመለስ ነበር። ራዲያተሩን አጽድተን አዲስ ቴርሞስታት አስገባን፣ አለቀ።

«አዲስ አበባ ስገባ ጉልበት አጣ፣ ነዳጁ ነው» የሚሉም አሉ። ከፍታው ነው። 2,300 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባህር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል።

«ናይትሮጅን የተነፋ ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ አይጨምርም»፦ ይጨምራል፣ አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ጎማችሁን ጠዋት ሳትነዱ አስለኩ።

በውሃ የሚሄድ መኪና? ውሃ ነዶ ያለቀ ሃይድሮጅን ነው፣ ድጋሚ አይነድም።

የራዲያተር ክዳን ደግሞ «ከዘጋ በቂ ነው» ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ጤነኛ ክዳን ግን ግፊት ይዞ ከ110 በላይ ያደርሰዋል፣ ስለዚህ ላስቲኩ ካረጀ ቀይሩት፣ ሲገዛም ላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፣ በጨርቅ አስሮ መንዳት ይቅር። እባካችሁ ሞተሩ እንደጋለ አትክፈቱት፣ ውሃው ሳይፈላ የቆየው በግፊቱ ነው፣ ክዳኑ በተላቀቀ ቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይወጣል።