«ዶት ኔት ራሱ ያስተካክለዋል» እና ሌሎች የዴስክቶፕ ፕሮግራመር እምነቶች

ከዓመታት በፊት ለአንድ ፋርማሲ በሲ ሻርፕ፣ ማለትም ዶት ኔት በሚባለው የማይክሮሶፍት መድረክ ላይ በሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የሽያጭ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። በዊንፎርምስ ነው፣ የዊንዶውስ መስኮት (ፎርም) መሥሪያው። ጠዋት ሲከፈት እንደ ጥይት ነው፣ ከሰዓት ግን ይንቀራፈፋል፤ ወደ ማታ ላይ ደግሞ አንዳንዱ ፎርም ነጭ ሳጥን ሆኖ ቀይ ኤክስ ይሰመርበታል። ካሸሯ መላ አግኝታለት ነበር፦ ዘግታ መክፈት። እኔም «ኮምፒውተራችሁ አርጅቷል» ብዬ ተገላገልኩ። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ያረጀው የኔ እምነት ነው፣ እና እስካሁን ብዙ ልጆች ሲደግሙት እሰማለሁ።

«ጋርቤጅ ኮሌክተር አለ፣ ሜሞሪ አያገባኝም»

ጋርቤጅ ኮሌክተር የማያስፈልግ ዕቃን ከሜሞሪ የሚጠርግ የዶት ኔት ክፍል ነው፤ የሚያነሳው ግን ማንም የማይዘውን ዕቃ ብቻ ነው። አንድ ሰው እስከያዘው ድረስ ቆሻሻ አይደለም። የፋርማሲው ፕሮግራም ውስጥ «የመድኃኒት ብዛት ተቀየረ» የሚል ስታቲክ ኢቨንት (ፕሮግራሙ እስኪዘጋ የሚኖር የማስታወቂያ ደወል) ነበረኝ፤ የደረሰኝ ፎርሙ በተከፈተ ቁጥር በፕላስ እኩል ይመዘገብበታል፣ ሲዘጋ ግን በማይነስ እኩል አይወጣም። ስለዚህ ኢቨንቱ ፎርሙን እንደያዘ ይቀራል። እስከ ከሰዓት ድረስ 80 ደረሰኝ ከተሸጠ 80 የተዘጉ ፎርሞች ሜሞሪ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፣ እና አዲስ ሽያጭ ሲመጣ 80ዎቹም፣ ማንም ሳያያቸው፣ ዝርዝራቸውን እንደገና ይጭናሉ። መንቀራፈፉ ከዚያ ነበር።

ቀይ ኤክሱስ? ዊንፎርምስ አንድ ኮንትሮል ራሱን ሲስል ኤክሴፕሽን (ያልታሰበ ስህተት) ከተነሳ ያንን ሳጥን ነው የሚያሳየው። ቢትማፕ፣ ፎንት፣ ብሩሽ የምንላቸው ነገሮች ከኋላቸው የዊንዶውስ የራሱ ዕቃ አለ፣ አንዳንዱ ጂዲአይ ኦብጀክት (የስዕል ዕቃ) ይባላል፣ እና አንድ ፕሮግራም በተለመደው ሁኔታ ከ10,000 በላይ መያዝ አይችልም። ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ደግሞ ይህን ቆጠራ አያየውም። ለእሱ ትልቁ ቢትማፕ ትንሽዬ ዕቃ ነው፣ ምን አስቸኮለው። ስለዚህ ዲስፖዝ አድርጉ (ዕቃውን በእጃችሁ ልቀቁ)፣ ወይም ሲያልቅ ራሱ የሚለቀው ዩዚንግ ውስጥ አስገቡት። በሾው የተከፈተ ፎርም ሲዘጋ ራሱ ዲስፖዝ ይሆናል፣ በሾው ዳያሎግ የተከፈተው ግን አይሆንም፤ ይህን ስንቱ እንደማያውቀው ብታዩ ትገረማላችሁ። ጂሲ ዶት ኮሌክት (ጋርቤጅ ኮሌክተሩን በግድ መጥሪያ) እየጠሩ ማስታመምም አያድንም፣ የተያዘ ዕቃ የተያዘ ነው።

ለማየት ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ታስክ ማናጀር ላይ ዲቴይልስ ውስጥ ገብታችሁ የጂዲአይ ኦብጀክት አምዱን አብሩት፣ ከዚያ አንዱን ፎርም ሃያ ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ቁጥሩ እየወጣ ካልወረደ አገኛችሁት።

«አሲንክ ካልኩት በሌላ ትሬድ ይሄዳል»

አይሄድም። ትሬድ ማለት ፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር ነው፣ አሲንክ የሚለው ቃል ለብቻው አዲስ አይፈጥርም። አብሮት የሚመጣው አዌይት («ጠብቅ») የሚጠቅመው ዳታቤዙ ወይም ኔትወርኩ እስኪመልስ ድረስ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰውን ትሬድ ነፃ ስለሚለቀው ነው። ከባድ ስሌት አሲንክ ሜተድ ውስጥ ብትጨምሩ ስክሪኑ ፍሪዝ ማድረጉን አይተውም፤ እሱን ሌላ ትሬድ ላይ የሚያስኬደው ታስክ ዶት ራን ውስጥ አስገቡት።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አዌይት ከማለት ይልቅ ዶት ሪዛልት ብሎ መጠበቅ ነው። የስክሪኑ ትሬድ ውጤቱን ይጠብቃል፣ ሥራው ደግሞ ለመጨረስ የስክሪኑን ትሬድ ይጠብቃል። በር ላይ «ቅደም»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» ሲባባሉ እንደሚያመሹ ሁለት ጨዋዎች። ፕሮግራሙ ኤረር አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ደርቆ ይቀራል።

አፕሊኬሽን ዶት ዱ ኢቨንትስ የሚባለውን የድሮ ዘዴ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ስክሪኑ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፣ ግን ተጠቃሚው «ሽጥ» የሚለውን ሥራው ሳያልቅ ደግሞ ይጫነዋል፣ አንድ ፓናዶል ሁለት ጊዜ ይሸጣል።

«ብር ነጥብ ስላለው ደብል ነው የሚሆነው»

ደብል ነጥብ ያለውን ቁጥር በሁለትዮሽ በግምት የሚይዝ ዓይነት ነው፤ እሱ ላይ 0.1 ሲደመር 0.2 ከ0.3 ጋር እኩል አይደለም። በድሮው ዶት ኔት ፍሬምወርክ ብታትሙት 0.3 ብሎ ያሳያችኋል፣ ስታወዳድሩት ግን «አይደለም» ይላል፤ ከዶት ኔት ኮር 3.0 ጀምሮ ነው 0.30000000000000004 ብሎ እውነቱን ያወጣው። ለገንዘብ አሥርዮሹን በልኩ የሚይዘውን ዲሲማል ተጠቀሙ። አለቀ።

አላለቀም፣ ማጠጋጋት ቀረ። ማዝ ዶት ራውንድ 2.5ን ሲያጠጋጋ 3 ሳይሆን 2 ይሰጣል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ነው የሚሄደው። ተጨማሪ እሴት ታክስ ስታሰሉ ሒሳብ ሠራተኛዋ በካልኩሌተር ያገኘችው ከናንተ በሳንቲም ከተለየ መጀመሪያ እዚህ ጋ ፈትሹ። ሚድፖይንት ራውንዲንግ ዶት አዌይ ፍሮም ዜሮ የሚል አማራጭ አለው።

«ስትሪንግ ዩኒኮድ ስለሆነ አማርኛው ችግር የለውም»

ሲ ሻርፕ ውስጥ ልክ ነው፣ ስትሪንግ (ጽሑፍ መያዣው) ዩኒኮድ፣ ማለትም የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ ነው። ከዚያ ሲወጣ ነው ጣጣው። ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) ላይ አምዱ ቫርቻር ከሆነ «ከበደ» ገብቶ «???» ሆኖ ይወጣል፣ አንዴ እንዲህ ከተቀመጠ ደግሞ የሚመልሰው የለም፣ ሦስቱም ፊደል ጠፍቷል። ዩኒኮድ የሚይዘውን ኤንቫርቻር አድርጉት (ከ2019ኙ እትም ወዲህ ዩቲኤፍ 8 ኮሌሽን ከመረጣችሁ ቫርቻሩም ይሠራል)።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። ለኮምፒውተሩ ሀይሉ፣ ሐይሉ እና ኃይሉ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የትኛውም ኖርማላይዝ የሚል ሜተድ አንድ አያደርግላችሁም። እኔ የማደርገው፦ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጣለሁ፣ አጠገቡ ሌላ አምድ ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው ቀይሬ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሃንም ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ አድርጌ አስገባለሁ፣ ፍለጋው በሁለተኛው ላይ ይሄዳል። ዋናውን ስም መቀየር ግን አይሞከርም። ሰው በስሙ ቀልድ አያውቅም።

ሦስተኛው ጣጣ የቀን አቆጣጠር ነው። ከልቸሩን (የቋንቋና የአገር ቅንብሩን) አማርኛ ስላደረጋችሁት ቀኑ የኛ አይሆንም። ዶት ኔት ውስጥ የፋርስ፣ የዕብራይስጥ፣ የታይላንድ ካላንደር አለ፣ የኢትዮጵያ የለም። አንዳንዱ «ከዓመቱ 8 ቀንሼ አሳያለሁ» ይላል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። ወሩን በ12 የወሰነ ኮድ ደግሞ ጳጉሜ ላይ ይሰበራል። ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጁ አስቀምጡ፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ ቀይሩ።

«ዊንፎርምስ ሞቷል»

እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አለ፣ ሲገድሉትም ኖረዋል። ማይክሮሶፍት በዲሴምበር 2018 ዊንፎርምስንም ሌላውን የመስኮት መሥሪያ ደብሊው ፒ ኤፍንም ኮዳቸውን ክፍት አደረገ፣ በ2019 ደግሞ ከዶት ኔት ኮር 3.0 ጋር አብረው መጡ፣ በዊንዶውስ ላይ ብቻ ቢሆንም። ማክ የሚይዝ ደንበኛ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ከሌላችሁ ሥራችሁን ሥሩ።

«ትራይ ካች አድርጌበታለሁ፣ አይበላሽም»

ትራይ ካች ስህተት ሲነሳ የሚይዝ ኮድ ነው፤ ባዶ ካች ግን ስህተትን አያስተካክልም፣ አፉን ይይዘዋል። ቢያንስ ፋይል ላይ ጻፉት። መልሳችሁ ስትወረውሩት ደግሞ ስሮው ብቻ በሉ፤ ስሮው ኢኤክስ ካላችሁ ስህተቱ ከየት መስመር እንደተነሳ የሚያሳየው ዱካ ከዚያ ቦታ እንደ አዲስ ይጀምራል።

«ኤግዚ ከሆነ ማን ያነበዋል?»

ማንኛውም ሰው ያነበዋል። የሲ ሻርፕ ኤግዚ በተለመደው አሠራር የማሽን ኮድ ሳይሆን መካከለኛ ቋንቋ ነው የሚይዘው፤ አይኤልስፓይ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከነሜተድ ስሙ መልሶ ወደ ሲ ሻርፕ ይገለብጠዋል። ኮድን የሚያወሳስበው ኦብፈስኬተር ያዘገየዋል እንጂ አይቆልፈውም። የዳታቤዝ ፓስዎርድ ኮድ ውስጥ ከጻፋችሁ ለደንበኛው ሁሉ አድላችኋል ማለት ነው። ወይ ዊንዶውስ ሎግኢን ተጠቀሙና ለየሠራተኛው የሚያስፈልገውን መብት ብቻ ስጡ፣ ወይ መሃል ላይ ኤፒአይ (ፕሮግራሙ ዳታቤዙን በቀጥታ ሳይነካ የሚጠይቀው አገልግሎት) አስቀምጡ።

ያንን የፋርማሲ ፕሮግራም በቅርቡ በአይኤልስፓይ ከፈትኩት። ፓስዎርዱን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የፋርማሲው ስም ነው፣ መጨረሻው ላይ 123።