የመበለቶቹ ቅሬታና የአጥቢያችን ተልእኮ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ በየአጥቢያው ስለሚነሳ አንድ ጥያቄ መጻፍ ፈልጌያለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ተልእኮ ምንድን ነው? የሚወስነውስ ማን ነው?

ብዙ ቦታ ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነው። መጋቢውና ሽማግሌዎቹ ራቅ ያለ ቦታ ሄደው ይጸልያሉ፣ ይወያያሉ፣ ከዚያ "ራእይና ተልእኮ" የሚል ጽሑፍ ይዘው ይመለሳሉ። እሁድ ይነበባል። ጉባኤው አሜን ይላል። ባነር ተሠርቶ ከመድረኩ ጀርባ ይሰቀላል። ከወራት በኋላ ግን አንድ ምእመን ጠርታችሁ ተልእኳችን ምንድን ነው ብትሉት መመለስ ይቸግረዋል። ሰነፍ ስለሆነ ወይም ቤተ ክርስቲያኑን ስለማይወድ አይደለም። ሲወሰን አልነበረም እኮ። ማንም ምን ታያለህ ብሎ አልጠየቀውም።

ይህን የምለው ሽማግሌዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ስንቶቹ እንቅልፋቸውን አጥተው ለመንጋው እንደሚጸልዩ አውቃለሁ። ግን የሐዋርያት ሥራን ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር እየጎላ ይመጣብኛል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የአገልግሎታቸውን መልክ የወሰኑት ጉባኤው ሁሉ ባለበት ነው፤ ነገሩ የተጀመረውም ችላ ከተባሉ ሰዎች ድምፅ ነው።

እስቲ ምዕራፍ 6ን እንክፈት። ኢየሩሳሌም ውስጥ ደቀ መዛሙርት እየበዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን እያደገች ነው፣ ዛሬ ብንሆን ምስክርነት እየሰጠን የምንዘልበት ጊዜ ማለት ነው። በዚህ መሃል ቅሬታ ተነሣ። ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ፣ በየዕለቱ ምግብ ሲታደል መበለቶቻቸው እየተዘለሉ ነው ብለው አጉረመረሙ። ነገሩ ከባድ ነው። የቋንቋና የአገር ልዩነት አለበት፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው፣ የተጎዱት ደግሞ ባል የሌላቸው፣ ብዙዎቹም በዚያ ከተማ ዘመድ የማይኖራቸው ሴቶች ናቸው።

ሐዋርያቱ ምን አደረጉ? "እናንተ ሥጋዊ ናችሁ፣ ስለ ምግብ ነው እንዴ የምታስቡት?" አላሉም። በር ዘግተው አሥራ ሁለት ሆነው ወስነውም መመሪያ አላወጡም። ደቀ መዛሙርቱን ሁሉ ጠሩ። ችግሩን ፊት ለፊት አስቀመጡት፣ የእኛ ድርሻ ጸሎትና ቃሉ ነው አሉ፣ ከዚያ "እናንተ ምረጡ" አሉ። ሕዝቡ ሰባት ሰዎችን መረጠ። ስማቸውን አንብቡት፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሰባቱም የግሪክ ስም ነው ያላቸው። የመጨረሻው ኒቆላዎስ ደግሞ ጭራሽ በትውልድ አይሁዳዊ ያልሆነ፣ ከአንጾኪያ የመጣ ሰው ነው። ስማቸውን ሳይ ጉባኤው ቅሬታውን ሰምቶ የምግብ እደላውን ለተዘለለው ወገን ሰዎች ያስረከበ ይመስለኛል። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

የዚያን ቀን ስብሰባ ውጤት ተከተሉት። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው። ስደት ሲነሣ ወደ ሰማርያ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ የህንደኬን ጃንደረባ አገኘ። ኢትዮጵያዊውን! በሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን የሚያነበውን ሰው ወንጌል የነገረውና ያጠመቀው፣ በዚያ የምግብ ቅሬታ ምክንያት የተመረጠው ሰው ነው። መበለቶቹ ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ወይም ሲናገሩ ዝም ቢባሉ ኖሮ ጌታ ሌላ መንገድ አያጣም ነበር፤ የመረጠው መንገድ ግን ይሄ ነው። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ቂሣርያ ቤቱ ሲያርፍ ሉቃስ ፊልጶስን ሲያስተዋውቀን "ወንጌላዊው" ካለ በኋላ "ከሰባቱ አንዱ" ብሎ ይጨምራል። ማዕድ ማገልገሉ አልተረሳም።

አሁን "ወንድሜ፣ ተልእኮማ ጌታ ራሱ ሰጥቶናል፣ ማቴዎስ 28 ላይ ሂዱና ደቀ መዛሙርት አድርጉ ተብሎ ተጽፏል፣ ምን መወያየት ያስፈልጋል?" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ትእዛዙ ተሰጥቷል። ማንም አጥቢያ ድምፅ ሰጥቶ አይለውጠውም። ኢየሩሳሌም ያሉትም እኮ ትእዛዙን ከጌታ አፍ የሰሙ ናቸው። ያላወቁት፣ በዚያ ከተማ፣ በዚያ ሰሞን፣ እነዚያ ሴቶች ባሉበት ትእዛዙ እንዴት እንደሚኖር ነው። ያንን አብረው ማግኘት ነበረባቸው። የእኛም ሥራ ይኸው ነው። አዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ ያለች አጥቢያ፣ ዋሽንግተን ዙሪያ ልጆቿ ከአማርኛ ይልቅ እንግሊዝኛ የሚቀናቸው አጥቢያ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ውስጥ አብዛኛው ምእመኗ በሰው ቤት የምትሠራ እህት የሆነች ኅብረት አንድ ጌታ አላቸው፣ አንድ ወንጌልም አላቸው። ነገ ጠዋት የሚጠብቃቸው ሥራ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱን ጽሑፍ ገልብጦ ለሌላው መስጠት አይሠራም።

እኛ ጋ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ይመስለኛል። ትልልቅ ሰዎች ባሉበት አፍ መክፈት ድፍረት ይመስለናል። እናቶች ከኋላ ተቀምጠው ዝም ይላሉ፣ ወጣቱ "ምን አገባኝ፣ የሚሰማኝም የለ" ይላል፣ የጥበቃ ሠራተኛው ወንድም ሁሉንም ያያል ግን ማንም አይጠይቀውም። ደፍሮ የተናገረ ከተገኘ ደግሞ "የማጉረምረም መንፈስ ያዘው" ይባላል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 10 ይነበብበታል፣ እስራኤል በምድረ በዳ አጉረምርመው እንደጠፉ ይነገረዋል። ይህ አነጋገር ብዙ ቅዱሳንን አፍ አስይዟል፤ አንዳንዶቹን ሰላም ሳይሉ ሹልክ ብለው እንዲወጡ አድርጓል።

ግን ልብ እንበል። እስራኤል ያጉረመረሙበት ያው የዘኁልቁ መጽሐፍ ምዕራፍ 27 ላይ የሰለጰዓድን ሴቶች ልጆች ያሳየናል። አምስት እህትማማቾች ናቸው። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተው ሞቷል፣ በሕጉ አሠራር ርስት የላቸውም። በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ይህ ነገር ልክ አይደለም አሉ። ሙሴ አልተቆጣም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እግዚአብሔርም የሰለጰዓድ ልጆች የተናገሩት እውነት ነው አለ፣ ለትውልድ የሚሆን ሥርዓትም ከዚያ ወጣ። ስለዚህ ቅሬታ ሁሉ አንድ አይደለም። የእግዚአብሔርን ቸርነት የሚክድ ማጉረምረም አለ፣ የእግዚአብሔርን ፍትሕ የሚጠይቅ ድምፅም አለ። የትኛው እንደሆነ የምንለየው ቁጭ ብለን ሰምተን፣ እንደ ሙሴ በጌታ ፊት ካቀረብነው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስም መለጠፍ ኃጢአት ነው እላለሁ።

ሌላው ነገር ገንዘብ ነው። ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምረናል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከምዕራቡ ዓለም ያሉ ረጂ ድርጅቶች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለልማት ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኞች ነበሩ። ለወንጌል ሥርጭት፣ ለመሪዎች ሥልጠናና ለጸሎት ቤት ግንባታ ሲሆን ግን እጃቸው ይያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1971 የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ረጂዎቹ መመዘኛቸውን እንደገና እንዲያዩት የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ዓለም አቀፍ ኅብረት በሆነው በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በኩል ጥያቄ እንዲቀርብ ወሰነ። በግንቦት 1972 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ጻፈች። በዚያ ጊዜ ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ሐሳብ ባጭሩ፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ብቻ መርዳት አይቻልም፣ ሰው ሙሉ ነው፣ አገልግሎቱም ሁለንተናዊ መሆን አለበት የሚል ነው። ነገሩ ብዙ አነጋገረ፤ በ1974 ናይሮቢ ላይ በዚሁ ጉዳይ ምክክር ተደረገ። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ። ያ ሐሳብ ግን ዛሬም በቤተ ክርስቲያኒቱ አገልግሎት ውስጥ አለ።

ያስገረመኝ ምን መሰላችሁ? ገንዘብ የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን ናት ለሰጪዎቿ "ተልእኳችንን እናንተ አትወስኑልንም" ያለችው። ያንን ማለት የቻለችው በጉባኤ ተነጋግራ ምን እንደተጠራች ስላወቀች ነው። እኛ ጋ ደግሞ የውጭ ረጂ ባይኖር እንኳ አሥራት የሚያበዛ ወንድም ይኖራል፣ ሕንፃውን ያሠራ ቤተሰብ ይኖራል፣ እነሱ የወደዱት አገልግሎት በጀት ያገኛል፣ ሌላው "ጌታ ይሰጣል" ተብሎ ይቀራል። ስለዚህ ተልእኳችን ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ጉባኤ የዓመቱ የወጪ ዝርዝር አብሮ ይቅረብለት። ለድምፅ መሣሪያ ስንት፣ ለተቸገሩ ስንት፣ ለሕፃናት ስንት፣ ለወንጌል ሥርጭት ስንት። ተልእኳችንን እስከ ዛሬ እንዴት እንደኖርነው የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

እንዴት እንጀምር ለሚል፣ እኔ የማምነውን ልንገራችሁ። ከአምልኮ በኋላ ሰው ርቦት፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አታድርጉት። አንጾኪያ ያሉት እየጾሙና ጌታን እያመለኩ ሳሉ ነው መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ ያላቸው። ጾም ጸሎት አውጁ። ከዚያ በየቤቱ የሚሰበሰቡት ኅብረቶች፣ የእናቶች ጸሎት፣ ወጣቶች፣ ሁሉም በየራሳቸው ይቀመጡ፤ ይሉኝታው የሚቀንሰው በትንሽ ቁጥር ሲሆን ነው። እግዚአብሔር በመካከላችን ምን ሲሠራ አይተናል? በዙሪያችን ማን አለ? ማንንስ ዘለልን? እነዚህን ይጠያየቁ። የመጨረሻው ከባድ ነው፣ ጊዜ ስጡት። የሚጽፈው ሰው የተባለውን በተናጋሪው ቃል ይጻፈው፤ አያሳምረው። መሪዎች ደግሞ በዚያ ሰዓት ራሳቸውን አይከላከሉ። መስማት ብቻ።

ክርክር ይነሣል። አትፍሩት። ሐዋርያት ሥራ 15 ላይ፣ አሕዛብ ይገረዙ አይገረዙ በሚለው ጉዳይ ጴጥሮስ የተነሣው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው ይላል። አንዱ ምስክርነት ሰጠ፣ በርናባስና ጳውሎስ ያዩትን ተናገሩ፣ ያዕቆብ ከነቢያት ጠቅሶ ፍርዱን አቀረበ፣ ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ጋር ወሰኑ። ከዚያ በደብዳቤው ላይ "እኛና መንፈስ ቅዱስ" ብለው ጻፉ። ይህን ለመጻፍ ድፍረት ያገኙት አንድ ሰው ሕልም ስላየ አይመስለኝም፤ ተከራክረው፣ ቃሉን መርምረው፣ እግዚአብሔር የሠራውን ቆጥረው ነው እዚያ የደረሱት። ደብዳቤው ራሱም አጭር ነው። አንጾኪያ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ተነበበ፣ ሰው ደስ አለው። የእናንተም ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ እናት አንዴ ሰምተው ለጎረቤታቸው ሊነግሩት የሚችሉት ይሁን።

ደግሞ ተስማማን ማለት ከዚያ በኋላ አንጋጭም ማለት አይደለም። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ጉዳይ ተጣልተው ተለያይተዋል። ያ አሳዛኝ ነው፣ ጉባኤው የወሰነውን ግን አላፈረሰም።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፣ እሱም ተመልሶ መናገር ነው። ጳውሎስና በርናባስ ከመጀመሪያው ጉዟቸው ሲመለሱ የላከቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ሰበሰቡ፣ እግዚአብሔር ከእነርሱ ጋር ሆኖ ያደረገውን ሁሉ ነገሯቸው። ጉዞው ሁሉ የቀና አልነበረም፤ ልስጥራን ላይ ጳውሎስ ተወግሮ ሞቷል ተብሎ ከከተማ ተጎትቶ ወጥቶ ነበር፣ ማርቆስም ከጵንፍልያ ጥሏቸው ተመልሶ ነበር። ስለዚህ ዓመት ሲሞላ ጉባኤውን መልሳችሁ ሰብስቡ። ዘለልናቸው ያልናቸው ሰዎች በስም ይነሡ፤ ማን ጠየቃቸው፣ ምን ተደረገላቸው፣ ምን ሳይደረግ ቀረ፣ ያልተሳካው ሁሉ ሳይደበቅ ይነገር። ከዚያም እነሱ ራሳቸው ተነሥተው ይናገሩ።