የገጠር ልጅነት ሥዕሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገጠሩ በፍጥነት ሲለወጥ የተሳሉ የመንደር ልጆች ሥዕሎች ብዙ የተዛባ ነገር ይባልባቸዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የከተማ ሰው ናፍቆት ነው፤ ሠዓሊዎቹ ገጠርን አያውቁትም።»

ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካዊው ዊንስሎው ሆመር የቦስተን ልጅ ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቦግዳኖቭ-ቤልስኪ ግን በ1868 ከደሃ የገጠር እናት ተወለደ። ገበሬውን የባለመሬት ንብረት ያደረገው ሥርዓት ከፈረሰ ገና 7 ዓመቱ ነበር። የተማረውም ሰርጌይ ራቺንስኪ የተባለ የእጽዋት ፕሮፌሰር ዩኒቨርሲቲውን ትቶ በታቴቮ መንደር ባቆመው ትምህርት ቤት ነው።

«የገበሬ ልጅ የሚሳለው እንዲያሳዝን ነው።»

ይኼን የሚል ሰው ቦግዳኖቭ-ቤልስኪ በ1895 የሳለውን የራቺንስኪን ክፍል አላየም። ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ተጽፏል፦ የ10፣ የ11፣ የ12፣ የ13 እና የ14 ካሬዎች ተደምረው ለ365 ሲካፈሉ ስንት ይመጣል? ያውም በቃል! የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካሬዎች ድምር 365 ነው፤ የቀሩት ሁለቱም እንዲሁ 365። መልሱ 2። አንዱ ልጅ ደርሶበት በመምህሩ ጆሮ ያንሾካሹካል፤ ሌሎቹ ግንባራቸውን ቋጥረው ገና እያሰቡ ነው። ሊያዝንላቸው የመጣ ተመልካች መጀመሪያ ስሌቱን ይሞክረው።

«ባዶ እግር የችግር ምልክት ነው።»

ሁልጊዜ አይደለም። በሆመር የ1872 ሥዕል ባዶ እግራቸውን ያሉ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሮጣሉ፤ ፊተኞቹ ድንገት ሲቆሙ ጫፍ ላይ ያሉት ተስፈንጥረው ይወድቃሉ። ከኋላቸው ትንሽ ቀይ ትምህርት ቤት አለች፤ እረፍት ላይ ናቸው። ችግርን የፈለገ የፈረንሳዩን ዡል ባስቲየን-ለፓዥን የ1881 ሥዕል ይመልከት፦ ሻካራ ጨርቅ የተከናነበች ትንሽ ልጅ በብርድ ላም ትጠብቃለች። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ነፃ አደረገች፤ በ1882 ደግሞ ከ6 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች ግዴታ ሆነ። ይህ ከታወቀ በኋላ ልጅቷን ከሕጉ ለይቶ ማየት ይከብዳል።

«ሠዓሊው ያየውን እንዳለ ነው የገለበጠው።»

ሆመር ያንኑ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ስሎታል። ኦሃዮ፣ ያንግስታውን ባለው ሥዕል ከትምህርት ቤቷ ጀርባ ተራራ ተዘርግቷል፤ ኒው ዮርክ ባለው ተራራው ጠፍቶ በቦታው ሰማይ ይታያል።