ቅርበት፣ መዋደድና ጠብ በጅማ የኪራይ ግቢ

ጅማ ከተማ ተከራይቶ መኖር ብዙውን ጊዜ የግቢ ኑሮ ነው፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ ለሁሉም አንድ የመብራት ቆጣሪ። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ጥናቶች ስለ መዋደድና ስለ ጠብ ያገኙት ነገር እዚህ በየቀኑ ይታያል።

ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚኖሩት 41 በመቶው፣ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ከሚኖሩት ግን 10 በመቶው ብቻ ወዳጆች ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ጫፎች እንኳ ሠላሳ ሜትር አይራራቁም ነበር። ደረጃና የፖስታ ሣጥን አጠገብ የሚኖሩትም ወዳጅ በዛላቸው፤ በግቢያችን ቧንቧው ሥር ያለችው ክፍል እንደዚያ ናት፣ ጀሪካን ይዞ የመጣ ሁሉ ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም። ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው ደጋግሞ ማየት ብቻውን መውደድን ይጨምራል። መጀመሪያ የተጠላ ሰው ተደጋግሞ ሲታይ ግን ጥላቻው ሊብስ ይችላል።

ብዙዎች የሚዘሉት እነኢበሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙትን ጥናት ነው፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰዎች የሚጠሏቸው ጎረቤቶች ከወዳጆቻቸውም ይበልጥ ቅርብ ነበሩ። ምክንያቱ ጫጫታና የመሳሰለው የዕለት ተዕለት ብጥበጣ ነው። በግቢ ውስጥ ደግሞ ቆጣሪው አለ። ሒሳቡ ለስድስት ክፍል እኩል ሲካፈል የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለውና አንድ አምፖል ብቻ የሚያበራው እኩል ይከፍላሉ።

ዶላርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ጠብን ከፍላጎት መገታት ጋር አያያዙት። በርኮዊትዝ በኋላ አሻሻለው፤ መገታቱ የሚያስቆጣው መጥፎ ስሜት እስከፈጠረ ድረስ ነው፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ከመሰለ ደግሞ ይብሳል። ውሃ ሲጠፋ ሁሉም ያጉረመርማል፤ በርሜሉን ጎረቤት ካራቆተው ግን ስድብ ይነሳል።

«ይውጣልህ፣ ተናገር» የሚለው ምክር ደካማ ነው። ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳየው ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የመቱት፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ተናደዱ፣ ጠበኝነታቸውም ባሰ። የቡና ሥርዓት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ይመስላል፦ ፍሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ አቦል እስኪቀዳ ድረስ ንዴቱ ይበርዳል። ነገሩን ከቶና በፊት አለማንሳት ይሻላል።

ፍቅር ከመዋደድ ይለያል። ስተርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1986 መቀራረብን፣ የስሜት ግለትንና ቃል ኪዳንን ሦስት ማዕዘን አድርጎ አስቀመጣቸው፤ ግቢ የሚሰጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሽማግሌ ካስታረቀ በኋላ ጠቡ የሚመለስበት ዋናው ምክንያት ቆጣሪው እንደነበረ መቅረቱ ነው። ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት፣ ካልተቻለም ምጣድ ያለው ትርፍ እንዲከፍል መስማማት፣ ያንንም የሚቀጥለው ሒሳብ ከመምጣቱ በፊት።