በቶርኖ ለተቀረጸ የሻማ መቅረዝ የሚሆን የብረት ኩባያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከወይራ ወይም ከዋንዛ በቶርኖ፣ ማለትም እንጨቱን እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን፣ የሚወጣ የሻማ መቅረዝ ያምራል። ደሴም ኮምቦልቻም የሚያወጣው ባለሙያ አይጠፋም። ችግሩ አናቱ ላይ ነው። እንጨቱ ይበሳና ሻማው እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል፣ በቃ። በሻማውና በእንጨቱ መካከል መግባት ያለባት ትንሽ የብረት ኩባያ የለችም። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ ከምትሰሟቸው መልሶች ብዙዎቹ ልክ አይደሉም። ይሄ ነገር ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሻማ የሚለኮሰው መብራት ሲጠፋ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ መጋረጃ አለ፣ እንቅልፍም አለ።

«ወይራ ጠንካራ ነው፣ አይቃጠልም»

ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፣ ቶሎም አይያያዝም። ግን እናቶቻችን የጠላ ጋን የሚያጥኑት በምን ሆነና? ማንኛውም እንጨት ሙቀቱ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይከስላል፣ ከዚያም ይቀጣጠላል። የሻማ ነበልባል ደግሞ ከ1000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ጽድማ ዘይት ስላለው ከወይራም ይፈጥናል።

ሰው የሚታለለው ሻማው ገና ረጅም ሳለ ምንም ስለማይሆን ነው። አደጋው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሻማው አልቆ ነበልባሉ ወደ ቀዳዳው ሲወርድ፣ ክሩ ወድቆ የእንጨቱን ጎን ሲነካ። በዚያ ላይ ከዚህ በፊት የቀለጠው ሰም ሁሉ እንጨቱ ውስጥ ሰርጓል። ስለዚህ እንጨቱ ራሱ የሻማ ክር ሆኖ ይነዳል።

«ኩባያ ካለው ለኩሰን ብንተኛም ችግር የለም»

አለ እንጂ። ኩባያዋ ነበልባሉን ከእንጨቱ ትለያለች፣ የቀለጠውንም ሰም ትይዛለች። ሙቀቱን ግን አታስቀረውም፣ መዳብና ናስ ሙቀት በደንብ የሚያስተላልፉ ብረቶች ናቸው። ሻማው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው አጥፉት። የቀለጠው ሰም ራሱ ከተያያዘ ደግሞ ውሃ እንዳትደፉበት፣ እሳቱን ይረጨዋል። በድስት ክዳን አፍኑት።

«የኩባያዋ ከንፈር ለጌጥ ነው»

ይሄን ብዙ ሰው፣ የሚሠሩትም ጭምር፣ ይስታል። ብዙ ጊዜ የቱቦ ቁራጭ ይገባና አለቀ ይባላል። እኔ ግን ከየትኛው ብረት ተሠራች ከሚለው ጥያቄ በፊት ከንፈር አላት ወይ የሚለውን ነው የማየው። ወደ ውጭ የታጠፈው ጠርዝ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ያለውን እንጨት ይሸፍናል፤ ለነበልባሉ የሚጋለጠው እሱ ነውና። ከንፈር ከሌላት ሰሙ በኩባያዋና በእንጨቱ መካከል ይወርዳል፣ እዚያ ይጠራቀማል፣ የፈራነው ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ከንፈር ይበቃል፣ ሰፋ ቢል አይከፋም። ጥልቀቷ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ይሁን። ታቿ ዝግ ቢሆን ይመረጣል፣ ከእንጨቱ ጋር ለምታስራት ብሎን የምትሆን አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትበሳበት።

«ከውጭ ካልመጣ አይገኝም»

አብሽሩ፣ ይገኛል። ውጭ አገር ለእንጨት ቶርኖ ሠሪዎች ተብለው ተዘጋጅተው የሚሸጡ የናስ ኩባያዎች መኖራቸው እውነት ነው፣ ብዙዎቹም 22 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለሚወፍር ሻማ የተለኩ ናቸው። የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ጥሩ። ከሌለ ግን ሥራው እዚሁ ያልቃል።

ቀላሉ መንገድ የብረት ቶርኖ ያለው ባለሙያ ጋ መሄድ ነው። ጋራዥ ባለበት አካባቢ አይጠፋም። የናስ ዘንግ ይዛችሁ፣ ሻማውንም ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። በቃል ልኬት ነግራችሁ እንዳትመለሱ፣ ሻማው ፊቱ ይቀመጥ። ግድግዳዋ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ውስጧ ከሻማው በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ከንፈር ያላት በሉት፣ ይገባዋል።

ሁለተኛው የመዳብ ቱቦ ነው። ፍሪጅና ኤር ኮንዲሽነር የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ቁርጥራጭ አለ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ የመዳብ ቱቦ ሲሸጥ የሚጠራው ቁጥር የውስጡ ስፋት የሚመስለው ብዙ ነው። ባለ 22 ሚሊ ሜትር የሚባለው የውጭ ልኩ ነው። የግድግዳው ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ከሆነ ውስጡ 20 ብቻ ይሆናል፣ ስለዚህ 22 የሆነ ሻማ አይገባበትም። ወይ አፉን ማስፋት ነው፣ ወይ ከፍ ያለ ቱቦ መፈለግ ነው። ሻማውን ኪሳችሁ ይዛችሁ ብትዞሩ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።

ሦስተኛው አንጥረኛ ነው። ስስ የመዳብ ላሜራ ሰጥታችሁት ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ በመዶሻ ወደ ውጭ ታጥፎ፣ ታቹ ተዘግቶ ይወጣል። በእጅ የተሠራች ስለሆነች ከሁሉም ይልቅ የምታምረኝ እሷ ናት።

ታቹን በስታኞ፣ ቀልጦ ብረት ከብረት በሚያጣብቀው፣ እንዝጋው ካሉ ግን እሺ አትበሉ። የተለመደው ስታኞ ከ200 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፣ ሻማው አልቆ ነበልባሉ ታች ሲደርስ ሊላቀቅ ይችላል፣ እርሳስም አለበት። በናስ ይበየድ ወይም ጠርዙ ታጥፎ ይያዝ።

«መዳብ ግሎ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል»

ይሄ ከማረሻና ከማጭድ ሥራ የመጣ ልማድ ነው። ካርቦን ያለው ብረት አዎ፣ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። መዳብ ግን ተቃራኒው ነው፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ግሎ ውሃ ውስጥ ቢገባም አየር ላይ ቢቀመጥም ይለሰልሳል። የሚያጠነክረው መቀጥቀጡ ነው። ስለዚህ ከንፈሩን በመዶሻ ስታጥፉ እምቢ ማለት ሲጀምር አትታገሉት፣ ይሰነጠቅባችኋል። እንደገና አግሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ቀጥሉ። ቀስ እያሉ ዙሪያውን እየዞሩ መምታት ነው እንጂ አንድ ቦታ ላይ መደብደብ የለም። ናስም በሙቀት ይለሰልሳል፣ እሱን ግን ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ አንዳንዱ ናስ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

«ቢጫ ከሆነ ናስ ነው»

ማግኔት አስጠጉበት። ከያዘ ቀለም የተቀባ ብረት ነው።

«ጋልቫናይዝድ ቱቦ በይጄ ወተት ብጠጣበት ምንም አይለኝም»

ይሄን በየብየዳ ቤቱ ትሰማላችሁ፣ ልጆቹ ደግሞ ከልባቸው ያምኑታል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ላይ ያለው ሽፋን ዚንክ ነው። በብየዳ ሙቀት ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል። እሱን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ጭሱ የሚገባው ሳንባ ነው፣ ወተቱ የሚገባው ሆድ። አይገናኙም። ቱቦው የግድ ከሆነ ሽፋኑን መጀመሪያ በሞረድ ወይም በግራይንደር አንሱት፣ አቧራውንም እንዳትስቡት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ብየዳውንም ደጅ አድርጉት። ለአንዲት ኩባያ ግን ይሄ ሁሉ ለምን? መዳብ ፈልጉ።

የለስላሳና የቢራ ቆርቆሮስ ለሚሉ፣ እሱ በጣም ስስ አሉሚኒየም ነው፣ ውስጡም የፕላስቲክ ሽፋን አለው። ይቅርባችሁ። የሳልሳ ጣሳ ይሻላል፣ ዝገቱን ከቻላችሁት።

«የከባድ መሣሪያ ቀለሃ ለኩባያ የተፈጠረ ነው»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ስፋቱ ይመቻል፣ ናስ ነው፣ ሜዳ ላይ በነፃ ይገኛል ይባላል። በመጀመሪያ ብዙው ቀለሃ ናስ አይደለም፣ ቀለም ወይም ስስ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው፤ ቂጡ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ሳትፈነዳ ቀርታ ከሆነ፣ ለብሎን ብላችሁ የምትበሱት ልክ እሷን ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነት ባለፈበት የወሎ መሬት ላይ ደግሞ ቀለሃ ብቻ አይደለም የወደቀው። ያልፈነዳም አለ። ከሩቅ የሚለየው ባለሙያ ብቻ ነው። ልጆችን ለቅማችሁ አምጡ ብሎ መላክ ወንጀል ነው እላለሁ። ስታዩ አትንኩ፣ ቦታውን ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ተናገሩ። ለአንድ መቅረዝ ብላችሁ እጃችሁን አትጡ።

«ኩባያዋ ጠበቅ ብላ በመዶሻ ትግባ፣ ኮላም ይጨመርባት»

እንጨት ይተነፍሳል። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ብረቷ ግን እንዳለች ትቆያለች። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ነው፣ ጭጋጉ የታወቀ ነው። ኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ሞቃት ነው። ደሴ ጭጋግ ውስጥ በመዶሻ የገባች ኩባያ ኮምቦልቻ ስትወርድ እንጨቱ ይጨብጣትና መሰንጠቅ ይመጣል፣ በተለይ እንጨቱ ሳይደርቅ የተቀረጸ ከሆነ። ቀዳዳው በግማሽ ሚሊ ሜትር ላላ ይበል። ነጩ የእንጨት ኮላ ሙቀት ሲያገኝ ስለሚለሰልስ አትመኑት። ታች አንዲት አጭር የእንጨት ብሎን ትበቃለች፤ ኩባያዋ ብትበላሽ ወይም ሌላ ልክ ቢፈለግ ፈትቶ መቀየር ነው።

«ሻማ ሁሉ አንድ ልክ ነው፣ ከላላም ወረቀት ይጠቀለልበታል»

አንድ ልክ አይደለም። ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ሻማ ራሱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ጧፍማ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ቀጭን ስለሆነ ለብቻው ኩባያ ውስጥ አይቆምም፤ ለእሱ አሸዋ የተሞላ የብረት ሳህን ነው የሚሻለው። ወረቀት ወይም ጨርቅ ጠቅልሎ ማጥበቅ ግን አደገኛ ነው። ነበልባሉ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፣ ያውም ሰም የጠጣውን። ከአሮጌ ሻማ ትንሽ ሰም ቆርሳችሁ በእጃችሁ ሙቀት አለስልሱና ኩባያዋ ታች ጠቅጥቁት፣ ከዚያ ሻማውን ትከሉበት። ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«የደረቀ ሰም በቢላ ነው የሚነሳው»

ቢላ ናሱን ይጭረዋል፣ እሳት ላይ ማግላትም ያጠቁረዋል። የንብ ሰም የሚቀልጠው 64 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የሱቁ ሻማም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ደሴ ላይ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ ይበቃል ይተርፋል። ብሎኗን ፈትታችሁ ኩባያዋን ብቻ ትኩስ ውሃ ውስጥ ጣሏት። ሰሙ ይንሳፈፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ያኔ አንስታችሁ አስቀምጡት። ውሃውን ግን ሰሙ ሳይረጋ ቧንቧ ውስጥ አትድፉ፣ ይዘጋባችኋል።