ኤልኤምአይ ምንድን ነው? በዋየርሻርክ ስንፈታውስ ምን ይነግረናል?

ኔትወርክ የሚማር የጎጃም ልጅ በጂኤንኤስ3 (ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚያሠራ ፕሮግራም) ላይ ፍሬም ሪሌይ የተባለውን የቆየ የሩቅ ግንኙነት ዘዴ ሲሞክር አንዱን ራውተር ባሕር ዳር፣ ሌላውን ደብረ ማርቆስ ብሎ ይሰይምና መሐላቸው ስዊች ያስቀምጣል እንበል። መሥመሩ ከባሕር ዳር በኩል 102፣ ከደብረ ማርቆስ በኩል 201 ይባላል። ይህ ቁጥር ዲኤልሲአይ ነው፤ የሚያውቁትም ራውተሩና ከጎኑ ያለው ስዊች ብቻ ናቸው። ፒንግ (ማዶው መድረሱን የምንሞክርበት ትእዛዝ) እምቢ ሲል ታዲያ የተቋረጠው የት ጋ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

በኤልኤምአይ ነው፤ ይህም ራውተሩና ስዊቹ ስለ መሥመሮቹ ሁኔታ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። ራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ በየ10 ሴኮንዱ ስዊቹን «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ስዊቹም ይመልሳል። አሠራሩን በ1990 ሲስኮ፣ ስትራታኮም፣ ዲጂታልና ኖርዘርን ቴሌኮም በጋራ አወጡት። ኋላ አንሲና አይቲዩ የተባሉት ደረጃ አውጪ ድርጅቶች የየራሳቸውን ስላወጡ ዛሬ ሦስት ዓይነት አለ፤ የሲስኮው በዲኤልሲአይ 1023፣ ሁለቱ ደግሞ በ0 ይሄዳሉ።

በሲሪያል መሥመር ላይ ካፕቸር (የሚያልፈውን መረጃ መቅዳት) ሲጀመር ጂኤንኤስ3 የሊንኩን ዓይነት ይጠይቃል። እዚያ ላይ ፍሬም ሪሌይ መመረጥ አለበት። ኤችዲኤልሲ የተባለው ሌላው ዓይነት ከተመረጠ ባይቶቹ ትክክል ሆነው ሳለ የተቀዳውን የሚፈታው ፕሮግራም፣ ዋየርሻርክ፣ በተሳሳተ መንገድ ይተረጉማቸዋል፤ ተማሪውም የሌለ ችግር ሲፈልግ ይውላል።

በአንሲው ዓይነት አንድ ጥያቄ በሄክስ (በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር) ሲታይ ይህን ይመስላል፦

00 01 03 08 00 75 95 01 01 01 03 02 05 04

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች አድራሻ ናቸው፤ ዲኤልሲአይ 0 ማለት ነው። ቀጥለው ያሉት 03፣ 08 እና 00 በዚህ ዓይነት ሁልጊዜ ያው ስለሆኑ አያስቸግሩም። 75 ጥያቄ መሆኑን ይናገራል፤ መልስ ቢሆን ኖሮ በቦታው 7ዲ ይገባ ነበር። 95 የአንሲ መታወቂያ ነው፣ በሌሎቹ ሁለት ዓይነቶች አይገኝም። 01 01 01 የሪፖርቱን ዓይነት ይገልጻል፦ መለያው 01፣ ርዝመቱ አንድ ባይት፣ ይዘቱም «መኖርህን ብቻ አሳውቀኝ»። የመጨረሻው 01 በ00 ቢተካ «የመሥመሮቹን ሙሉ ዝርዝር ስጠኝ» ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ዓይን ሊጣልባቸው የሚገባው ከ03 02 (መለያና ርዝመት) ቀጥለው ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ናቸው። 05 «ይህ የኔ አምስተኛ ቁጥር ነው»፣ 04 ደግሞ «ካንተ የደረሰኝ የመጨረሻው አራት ነው» ማለት ነው። ሁሉ ደህና ከሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ 06 05 ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ቁጥር እየጨመረ ሁለተኛው ካለበት ፈቀቅ ካላለ ግን ራውተሩ መልስ እያገኘ አይደለም። ያኔ መጀመሪያ መታየት ያለበት ራውተሩና ስዊቹ አንድ ዓይነት ኤልኤምአይ መጠቀማቸው ነው። በሲስኮ ራውተር ከመጨረሻዎቹ 4 ሙከራዎች 3ቱ ከከሸፉ መሥመሩ እንደወደቀ ይቆጠራል።

የመሥመሮቹ ዝርዝር ግን በየመልሱ አይመጣም። ራውተሩ ሙሉውን የሚጠይቀው በየስድስተኛው ዙር፣ ማለትም በደቂቃ አንዴ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ መልስ ከፍቶ «102 የለም» ብሎ መደምደም አይገባም፤ ረዘም ያለውን መልስ መፈለግ ያስፈልጋል። እዚያ ውስጥ ለእያንዳንዱ መሥመር በ07 የሚጀምር ክፍል አለ፤ ቁጥሩንና ሁኔታውን ይይዛል።

እኔ ለማስተማር ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ክፍል ነው፤ ጥፋቱ በየትኛው ወገን እንዳለ የሚለየው እሱ ነውና። 102 «ንቁ» የሚለው ቢት በርቶለት ከመጣ ስዊቹ እስከሚያውቀው ድረስ መንገዱ ክፍት ነው፤ ፒንግ ካልሄደ አይፒ አድራሻውንና የአድራሻ ካርታውን (የትኛው አይፒ በየትኛው ዲኤልሲአይ እንደሚደረስ) ማየት ነው። ቢቱ ጠፍቶ ከመጣ ስዊቹ መሥመሩን ያውቀዋል፣ የተኛው ግን ማዶ፣ ደብረ ማርቆስ በኩል ነው፤ የባሕር ዳሩን ራውተር ደጋግሞ ማዋቀር ምንም አይፈይድም። 102 ጭራሽ ከዝርዝሩ ከሌለ ደግሞ ስዊቹ ላይ አልተዋቀረም፤ የሚስተካከለውም እዚያው ስዊቹ ላይ ነው።